የጠበበ ሆድና የእኛ ማዕድ
(በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ለዛሬ የያዝነው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። በሰቆጣ ዙሪያ ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬ ግን በባሕር ማዶ የምትኖር አንዲት እህታችን በቤተሰቦቿ በኩል ጥያቄ ልካልናለች። ክብደቷ ከመቶ ኪሎ በላይ አልፎ፣ ስኳርና የደም ግፊትም ተጨምሮባት ስለነበር ሐኪሞች ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አሳንሰውላታል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ቀነሰች፤ ስኳሩም ተስተካከለላት። ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ ግን ክብደቱ ቀስ እያለ እየተመለሰባት ነው። ጥያቄዋን ባጭሩ ላቅርበው። «ሐኪሜ ዘንድ ለመሄድ አፍራለሁ። አገር ቤት ስመጣ ደግሞ ከስተሻል፣ ታመሻል፣ ብዪ እያሉ ያስጨንቁኛል። ይህ ሁሉ የአላህን ፍጥረት በመቀየሬ የመጣብኝ ቅጣት ይሆን?» ትላለች።

በጥያቄዋ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሸሪዓው ብይን ነው። ሁለተኛው ክብደቱ ለምን ይመለሳል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ እሷ በቀጥታ ባትጠይቀንም እኛን ሁላችንን የሚመለከተው፣ የቤተሰብ ድርሻ ነው። በአላህ ፈቃድ በየተራ እንመለከታቸዋለን።

ሕክምና ነው ወይስ ፍጥረትን መቀየር?

በሱረቱ ኒሳእ 119ኛው አንቀጽ ሸይጧን የአደምን ልጆች የአላህን ፍጥረት እንዲቀይሩ እንደሚያዛቸው መዛቱ ተነግሮናል። እህታችን የፈራችው ይህን ነው፤ ፍርሃቷም ከኢማን የመጣ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዑለሞች ለቁንጅና ሲባል ብቻ አካልን በመቀየርና በሽታን በማከም መካከል ለይተው አስቀምጠዋል። ገጠሬ ዐረቦች መጥተው ሕክምና እንፈልግ ወይ ብለው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ እንዳሏቸው፣ አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ እንደሌለና እርጅና ብቻ የተለየ እንደሆነ እንደነገሯቸው ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

በዚሁ መሠረት ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1999 ዓ.ም. (በ1428 ሒጅራ) ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤው ጉዳዩን ተመልክቶ ነበር። ውፍረቱ የበሽታ ደረጃ ላይ የደረሰ፣ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ የጠፋለትና ጉዳት የማያሰጋው ሰው በቀዶ ሕክምናም ቢሆን ክብደቱን መቀነስ እንደሚፈቀድለት ወስኗል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ስኳርና ግፊት አስጨንቆሽ፣ ሐኪም መክሮሽ ያደረግሽው ሕክምና ነው። የክብደቱ መመለስም የሕመሙ ጠባይ ነው። ሕመም ደግሞ ለሙእሚን ሰብር ካደረገ ወንጀሉ የሚማርበት ፈተና እንጂ የመረገሙ ምልክት አይደለም።

ክብደቱ ለምን ይመለሳል?

ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ነገሩን አንድ ጊዜ የሚዘጋው ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው ከመቶ ከ75 እስከ 80 የሚሆነው እጅ ተቆርጦ ይወጣና የሙዝ ቅርጽ ያለው ቀጭን ቱቦ ይቀራል። በሁለተኛው ከጨጓራው ጫፍ የእንቁላል ያህል ከረጢት ተሠርቶ በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር ይገናኛል። በሁለቱም ሰውየው በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል። ረሃብን የሚያስተላልፈው ግሬሊን የተባለው ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው ከሚቆረጠው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ፣ በተለይ በአንደኛው ዓይነት የመብላት ፍላጎት ለጊዜው ይቀንሳል።

ይህ የመጀመሪያው ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጨጓራ በመጠኑ ይለጠጣል፤ ረሃቡም ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውነት ራሱ ይታገላል። አላህ የሰውን ሰውነት የፈጠረው በድርቅ ዘመንም እንዲቆይ አድርጎ ነው። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ሰውነት ድርቅ የገባ ይመስለዋል፤ በሐኪም ፈቃድ መቀነሱን በምን ያውቃል? ስለዚህ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል፤ ያገኘውንም ያጠራቅማል። እህታችን ያለችበት ትግል ይህ ነው፤ የሰነፍ ሰው ትግል አይደለም።

በስዊድን አገር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ሁለተኛውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረጉት በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 32 እጅ ቀንሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመዘኑ ግን ቅናሹ ከመቶ 25 እጅ ሆኖ ተገኘ። በኪሎ እናስበው። 120 ኪሎ የነበረ ሰው ወደ 82 ኪሎ ወርዶ፣ በአሥር ዓመቱ 90 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ስምንት ኪሎ ተመለሰበት፤ ሠላሳ ኪሎው ግን አልተመለሰም። የተመለሰውን እያየ የሚያለቅስ ሰው ያልተመለሰውንም አይቶ አላህን ሊያመሰግን ይገባዋል።

ይህ ሲባል ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የጠበበ ጨጓራ የማይከለክለው መግቢያ አለው፤ እሱም ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ነው። ሥጋና እንቁላል ቶሎ ያጠግባሉ። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የጠርሙስ ለስላሳ፣ ጭማቂ፣ ብስኩት፣ ሐልዋ ግን እንደ ውኃ ያልፋሉ። የእኛ የዋግ ነጭ ማር ሺፋእ ያለበት የአላህ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ በብርዝ መልክ ሲጠጣ ጨጓራ ሳያውቀው ክብደት ይሆናል። እዚህም እዚያም የምትቀመስ ትንሽ ነገር ናት የምትጠራቀመው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ኪሎውም የሚመለሰው እንዲሁ ነው።

በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር በቤታችን ማዕድ ሊፈጸም የሚችል ነው። አስቀድሞ እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ስብ የሌለውን የፍየል ሥጋ ወይም እርጎውን መብላት፤ እንጀራውን ከኋላ አድርጎ ማሳነስ። አልሞ መብላት፣ ቀስ ብሎ መዋጥ። ውኃን ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት። በየቀኑ በእግር መሄድና ጡንቻን የሚያሠራ ሥራ መሥራት። ሐኪም ያዘዘውን ቫይታሚን፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ አለማቋረጥ፤ የጠበበ ሆድ ከምግብ ብቻ የሚበቃውን አያገኝምና። ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ እግሩ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝለፈለፍ ሰው ካለ ይህ የቫይታሚን እጥረት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታከም።

ዋናው ግን አለማፈር ነው። ክብደት ሲመለስ ሐኪሞች መንስኤውን ይመረምራሉ፤ ከጨጓራው ቅርጽ የመጣ ይሁን ከአመጋገብ ወይም ከሌላ መድኃኒት ይለያሉ። ዛሬ ፍላጎትን የሚቀንሱ በየሳምንቱ የሚወጉ መርፌዎችም አሉ። እነዚህ መርፌዎች በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከገበያ በሰው እጅ ተገዝተው የሚወሰዱ አይደሉም፤ ሲያቋርጧቸውም ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አፍሮ የቀረ ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ ተወዳጁ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል፤ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ ሳምንት ጨርሶ ተርቦ በሁለተኛው ሳምንት ከመልቀቅ፣ በየቀኑ ከመግሪብ በፊት ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበልጣል። ትናንት ያጠፋ ሰው ዛሬ ከሚቀጥለው ማዕድ ይጀምር። ከወንጀል በኋላ ተውበት እንዳለ ሁሉ ከጥጋብ በኋላም መመለስ አለ።

እኛስ?

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። እኛ የምንኖርበት አገር ረሃብን በስም የሚያውቅ አገር ነው። የ1965 እና የ66ቱ የወሎ ረሃብ፣ የ1977ቱ እልቂት ያላለፈበት ቤት በዋግ የለም ማለት ይቻላል። በ1977 ከዋግ ገደላገደል ወርዶ ምግብ ፍለጋ ወደ ኮረም የተጓዘው ሕዝብ ብዙ ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ለገባው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም የሰጠው በከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያም ወዲህ በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ መጣ፤ በ2016 ደግሞ ድርቁ።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ ወፍሮ መታየት የደህንነት፣ መክሳት የችግርና የበሽታ ምልክት ሆኖ ኖረ። እናት ልጇን ከሩቅ አገር ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ጉንጯን ነው። «ብዪ» የምትላት ከፍቅር ነው፤ ያየችውን ስላየች ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የእህታችን ሰውነት ረሃብ መጣ ብሎ ያጠራቅማል፤ ቤተሰቧም ረሃብ መጣ ብሎ ያጎርሳታል። ከውስጥም ከውጭም በአንድ ፍርሃት ተከባለች።

ይህ በኢስላምም የማይታወቅ ነገር አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወደ ነቢዩ ቤት ከመግባታቸው በፊት ቀጭን ስለነበሩ እናታቸው ይወፍሩ ዘንድ ሞክረው፣ በመጨረሻ ኪያርና እሸት ቴምር በማብላት እንደተሳካላቸው አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። የከሳን ሰው ማወፈር ነውር የለውም። ነገር ግን ለከሳው መድኃኒት የሆነው ለሌላው በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ 100 የአገራችን ሴቶች 22ቱ የከሱ ሲሆኑ 8ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ፤ በከተማ ያለው ቁጥር ከገጠሩ እጅግ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው፤ በአንድ ቤትም ሊገኙ ይችላሉ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት እጅ መዘርጋት ግን ፍትሕ አይሆንም።

በመሐላ ማጉረስ

በዚህ ላይ አንድ ከአቂዳ ጋር የሚነካካ ጉዳይ አለ። ማዕድ ላይ «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚምል ሰው በአላህ ይማል ወይም ዝም ይበል ሲሉ ከአላህ ሌላ በሆነ ነገር መማልን ከልክለዋል። በሞታችን መማል በቋንቋችን የተለመደ ይሁን እንጂ ለሙስሊም የሚገባ አነጋገር አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሲሰማ «ወላሂ ትበያታለሽ» ወደ ማለት ይዞራል። ይህም ቀላል አይደለም። የወንድምን መሐላ ማክበር ከሙስሊም ሐቅ የሚቆጠር ሲሆን ጉዳት ባለበት ግን አይገባም። በሕመሟ ምክንያት ያልበላች እህት ጥፋት የለባትም። አስቦ የማለው ሰው ግን መሐላው ስለፈረሰ ከፋራ አለበት። ሳያስቡት ከምላስ የሚያመልጥ መሐላ እንደማያስጠይቅና የታሰበበት መሐላ ማካካሻ አሥር ምስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያልቻለ ሦስት ቀን መፆም እንደሆነ ሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ ላይ ተደንግጓል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ድንጋጌ አስተውሉት። ለመብላት የማትችለውን በመሐላ ልናጎርስ ስንነሣ፣ ሸሪዓው እጃችንን ይዞ ወደ አሥር ምስኪን ያዞረዋል። በእኛ አገር አሥር የራበው ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብንም። የተትረፈረፈው ጉርሻ የማን እንደነበር አላህ ነግሮናል። እንግዲህ መሐላው ሳይመጣ፣ ከፋራም ሳይደርስብን፣ «ልጃችን በሰላም ገባች» ብለን የምናርደውን ፍየል ግማሹን ለጎረቤትና ለችግረኛ ብናወጣው ለእሷም እረፍት፣ ለእኛም ሶደቃ ይሆናል።

እንግዳዋም ብትሆን እምቢ ማለት ነውር እንዳልሆነ ትወቅ። የተጠበሰ እንሽላሊት መሰል አውሬ ቀርቦላቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን በሰበሰቡ ጊዜ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም፤ በአገራቸው የሌለ ስለሆነ እንዳልወደዱት ነግረዋቸው ኻሊድ በሉ። ባለቤቱንም ምግቡንም አላነወሩም። ተጋብዞ የሚፆም ሰው ሄዶ ለባለቤቱ ዱዓ እንዲያደርግ መታዘዙም በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ መብላት ያልቻለች እህት ቀምሳ፣ ዱዓ አድርጋ፣ አመስግና ብትነሣ የጋባዧን ሐቅ ተወጥታለች።

ምላስን መጠበቅ

ሌላው የምላስ ጉዳይ ነው። ሲከሳ «በሽታ ገባው»፣ ሲመለስበት «ያ ሁሉ ገንዘብ ገደል ገባ» እያልን እናቆስላለን። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመው እንዳሸነፉ፣ ሰውነታቸው ከጨመረ በኋላ ደግሞ እንደተሸነፉ ራሳቸው አውርተዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በፈገግታ ይህቺ በዚያችኛዋ ናት በሚል መንፈስ አቻ አደረጉት እንጂ አላሳፈሯቸውም። እናታችን ሰውዳ (ረ.ዐ) ሰውነታቸው ከባድ ስለነበር ከሙዝደሊፋ ሕዝቡ ሳይጋፋ ቀድመው እንዲሄዱ ፈቃድ ሲጠይቁ ተፈቀደላቸው። የኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ቀጫጭን ቅልጥሞች አይተው ሰዎች በሳቁ ጊዜም እነዚያ እግሮች በቂያማ ሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነቢዩ ተናግረዋል። ለወፈረውም ለከሳውም ሱናው አንድ ነው፤ ማቅለል እንጂ ማሳቀቅ አይደለም።

ስለ ረመዳን

ቀዶ ሕክምናው ቅርብ የሆነ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ መፆም አይገባውም። በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ መጠጣት ስለማይችል በቀላሉ ይደርቃል፤ አላህም ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያወጣ አቅልሎለታል። ፈጽሞ የማይችል ከሆነ በየቀኑ አንድ ምስኪን ያበላል። የሚችል ሰው ደግሞ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ውኃውን በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። በአንዲት ቴምርና በውኃ ያፍጥር፤ ጣፋጭ ሲበዛ አንዳንዶቹን ያልባቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ያዞራቸዋል። ከዚያ መግሪቡን ሰግዶ ወደ ምግቡ ይመለስ። ቤተሰቡም ሳምቡሳውንና ሐልዋውን ከፊቱ ደርድሮ «አንድ ብቻ» አይበለው።

በመጨረሻም ይህ ትምህርት ለታመመው ብቻ አይደለም። በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ የአደም ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላ፣ ጀርባውን የሚያቀናለት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው፣ ካልሆነም ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት እንዲከፍለው ተነግሮናል። እህታችን ይህን ሦስተኛ እጅ በቢላዋ ተገድዳ ያዘችው። እኛ ቢላዋ ሳይነካን በፈቃዳችን ልንይዘው እንችላለን፤ የቀረውም ለራበው ጎረቤት ይደርሳል።

አላህ ሆይ፣ የታመሙትን ፈውስልን። በሰውነታቸው ለሚታገሉት ሰብርን ስጣቸው። ማዕዳችንን በረካ ያለበት፣ ምላሳችንን ከማቁሰል የራቀ አድርግልን። ምድራችንን በዝናብህ አርካት፤ የተራበውን አጥግብልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።